ደረቅ ሱሪ

ባለፈው ሰኞ የልጅ ልጄ ሄለን ከሥራ ስትገባ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። የሁለት ዓመት ተኩል ልጇ አቢቲ የሚውልበት ዴይኬር «ዳይፐር ካልተወ ወደሚቀጥለው ክፍል አናሳልፈውም» ብሎ ወረቀት ሰጥቷታል። አቢቲ ደግሞ ፖፖ ሲያይ እግሬ አውጪኝ ይላል። ሲቀመጡበት የሚዘፍን ፖፖ እኮ ነው የገዛችለት! በእኛ ጊዜ ፖፖ አይዘፍንም ነበር፤ የምናለቅሰው እኛው ነበርን። ሄለን ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ የልጁን ትከሻ ያዘችና «አቢቲ፣ ሱሪህን ካላረጠብክ አባዬ ከሐዋሳ ይመጣል፣ እሺ?» አለችው። ባሏ ለሥራ ሐዋሳ ከሄደ ሦስት ወር አልፎታል።

«ተዪ!» ብዬ ጮኽኩ። የያዝኩት ሻይ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ።

«ውይ እማማ! ምን ሆንሽ?»

«አቃጠለኝ» አልኳት። ውሸቴን ነው፤ ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቶ ነበር። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ነገር ሰውን ያቃጥላል ብትሉኝ ድሮ እስቅ ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ቢቸና አስተምር ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። ትውልዴ ደሴ ነው፤ ባለቤቴ የሞጣ ሰው ሲሆን ቢቸና ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነበር። የበኩር ልጃችን ዳኛቸው፣ እኔ ዳኙ የምለው፣ ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ ሦስተኛውን ጀምሯል። ጉንጩ ድንቡሽቡሽ ያለ፣ አህያ ባየ ቁጥር በሳቅ የሚፈርስ ልጅ ነበር። ቢቸና ደግሞ በገበያ ቀን አህያ አይጠፋም፤ ጤፍና ሽንብራ የተጫነ አህያ በደጃችን ሲያልፍ ይውላል።

ያን ጊዜ የነበረኝ ኩራት፣ አይጣል ነው! መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ባልትና የሚባል ትምህርት ተምረናል፤ መጽሐፉ ላይ አንድ ወፍራም የፈረንጅ ልጅ ፖፖ ላይ ቁጭ ብሎ ሲስቅ የሚያሳይ ሥዕል ነበረበት። ያ ሥዕል ነው ጉድ የሠራኝ። ደብረ ማርቆስ ስሄድ ነጭ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ የቆርቆሮ ፖፖ ገዝቼ መጣሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ ሠራተኛዬ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለቱን እግሮቿን ዘርግታና ገጥማ፣ ልጄን እነሱ ላይ አስቀምጣ፣ እጆቹን ይዛ «ሽሽሽ» ትላለች። የአገራችን ሴት ልጅ የምታሸናው እንዲህ ነው፤ እኔንም እናቴ እንዲሁ ነው ያሸናችኝ። «ልጄን እንደ ባላገር አታሸኚብኝ!» ብዬ ጮኽኩባት። ወይ እኔ! ባላገር! እኔ ማን ሆኜ ነው?

ያቺ ልጅ ከጥምቀት በኋላ ለመዳር አገሯ ሄደች። ሌላ ሠራተኛ መፈለግ ትቼ ዳኙን ልጆች ማዋያው አስገባሁት። ከየአገሩ ተመድበን የመጣን አስተማሪዎችና የጤና ሠራተኞች ተሰባስበን አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። የምትጠብቃቸው ወይዘሮ አስካለ የምትባል፣ አዲስ አበባ የፈረንጅ ልጆች ያሳደገች፣ ወገቧ የማይጎብጥ ሴት ነበረች። ሕጓ አንድ ነው፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ልጆቹ ወተታቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ሁሉም በየፖፖው በግድግዳው ጥግ ይደረደራል። የኔው ልጅ ብቻ እንጨት ይሆናል። አንድ ሰዓት ቢቀመጥ ጠብ አያደርግም፤ ተነሥ ሲባል ከበሩ ኋላ ይሄድና ሱሪው ላይ ይለቀዋል። ማታ ማታ የምቀበለው ልጄንና አንድ ጥቅል እርጥብ ልብስ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ወይዘሮ አስካለ በር ላይ አስቆመችኝ። «እስከ ፋሲካ እታገሣለሁ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ካረጠበ ግን አልቀበለውም፤ ሌሎቹንም አበላሸብኝ» አለች።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ጋዜጣ ከማንበብ ቀና ሳይል «እንግዲያው ሞጣ እታለም ጋ ይሂዳ» አለኝ። እታለም የሚላት ታላቅ እኅቱን፣ እትዬ ማንጠግቦሽን ነው። እሳቸው ልጅ አልወለዱም። በየዓመት በዓሉ ሄደን ስንጠይቃቸው ዳኙን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ይህን ለኔ ስጡኝ፤ እናንተ ገና ናችሁ፣ ትወልዳላችሁ» ይሉ ነበር። ለወንድም ለእኅት ልጅ መስጠት እዚያ አገር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ወግ ነው። እኔ በጥርሴ እየሳቅኩ ልጁን ከጭናቸው አነሣዋለሁ። እና ያ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ላይ ልጄ ሸና ማለት አብሮኝ ቀረ ማለት ነበር። ካልሸና እሱን ማጣቴ ነው።

ያላደረግኩት የለም። ማር አላስኩት። አህያ እንዲያይ ፖፖውን በር ላይ አደረግኩለት። ለመንኩት፣ ዘፈንኩለት። እሱ አንገቴን አቅፎ «ይበርዳል» ይለኛል። ይበርዳል! ልጁ በሚያውቃት ቃል ነገረኝ እኮ፤ እኔ ሰበብ መሰለኝ። በሰሙነ ሕማማት አንድ ቀን፣ በጾም የተንጠፈጠፈ ሆዴን ይዤ፣ ትከሻውን ጫን ብዬ እግሩ እስኪደነዝዝ አስቀመጥኩት። ለቅቄው ሲነሣ ተንገዳገደና እኔን ተደግፎ፣ ሁለቱ እግሮቼ ላይ ሸናብኝ። ጭኑን በጥፊ አልኩት። አምስቱም ጣቶቼ ወጡበት። ሊሸና የፈለገው የት እንደሆነ እዚያው እግሬ ላይ እያሳየኝ እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ይህች እጄ ብትቆረጥ ምን ነበር!

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። ሰኞ ወሰድኩት፤ ማክሰኞ ወይዘሮ አስካለ ልጄንና ፖፖውን ባንድ ላይ አስረከበችኝ። ባለቤቴም «ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ነው፤ ሁለት ወር ምን አላት?» አለ።

በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ሆነን ሄድን። ዳኙ እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም። ደብረ ወርቅ ላይ ድፎ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በላን፤ አስኳሉን ለሾፌሩ አጉርሶት ሁላችንም ሳቅን። ሞጣ ስንደርስ ቅንድባችን በአቧራ ነጭ ሆኖ ነበር። በማግስቱ ልመለስ ስል እትዬ ማንጠግቦሽ «ሳያይሽ ውጪ፤ ያለቅሳል» አሉኝ። ምናለ በሰማኋቸው! እኔ የተማርኩት ግን ልጅ አይታለልም አልኩና በር ላይ ተንበርክኬ ትከሻውን ያዝኩ።

«ዳኙዬ፣ ሱሪህን ካላረጠብክ እማዬ መጥታ ትወስድሃለች። ደረቅ ስትሆን ያኔ እመጣለሁ።»

ሱሪውን ዳበስ አደረገና «ደረቅ?» አለኝ።

«አዎ፣ ደረቅ።»

ያ ዓመት ዝናቡ ቸኮለ። ግንቦት ሳያልቅ መንገዱ ዋልካ ሆነ፤ ጎማ የሚውጥ ጥቁር ጭቃ። መኪና ቆመ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በበቅሎ ልሂድ አልኩ፤ አርግዤ ነበርና ባለቤቴ እግሬ ላይ ተደፍቶ ከለከለኝ። ከሞጣ አንዴ ደብዳቤ መጣ፤ «ልጁ ደህና ነው፣ ምንም አታስቢ» ይላል። ስለ ሱሪው አንዲት ቃል የለበትም። እኔም ገና አልተወም ማለት ነው ብዬ፣ ነውሬን ሰው ቤት ያስቀመጥኩ ያህል እያፈርኩ ክረምቱን ገፋሁት።

መንገዱ የጠነከረው ጥቅምት ላይ ነው። ሆዴን አስቀድሜ ሞጣ ወረድኩ። ከእትዬ ማንጠግቦሽ በር ፊት ለፊት ሰይድ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ነበረው። ሲያየኝ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተነሥቶ ወጣ።

«የዳኛቸው እናት አይደለሽም? እንኳን ደህና መጣሽ! ወይ ያንቺ ልጅ! ስንቴ ሱሪውን አስነካኝ መሰለሽ!»

«እንዴት?»

«ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይቆምና መንገደኛውን ሁሉ ‹ንኩኝ፣ ደረቅ ነኝ› ይላል። እኔ ሄጄ ካልነካሁለት አይገባም። ያኔ መንገዱ ገና አልተዘጋም ነበር፤ የመኪና ጡሩንባ ሲሰማ ደግሞ ማን ይይዘዋል!»

«መቼ ነው ይሄ?»

«ኧረ ከመጣ ሳምንት ሳይሞላው ነው የጀመረው። ዝናቡ ሲበረታ ተወው።»

ሳምንት ሳይሞላው! ልጄ የሱን ፈጽሞ ነበር። ቃሉን የበላሁት እኔ ነኝ። የሱቁን በር ያዝኩ።

ግቢው ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ፖፖዬን ነው፤ ዶሮዎች ውኃ ይጠጡበታል። ከዚያ ወዲያ እትዬ ማንጠግቦሽ ፀሐይ ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ ልጄ እግራቸው ላይ ተቀምጦ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ያንጎራጉራሉ። ቀና ብሎ አየኝ። ረዝሟል።

«እማዬ፣ እንግዳ መጣ» አለ፤ ለእሳቸው ነው።

«እናትህ ናት እኮ! ሂድ ሳማት» አሉት አፍረው። ሱሪውን አስታጠቁት፤ መጣና ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። ለእንግዳ እንዲያ አድርግ ብለው አስተምረውታል።

ማታ እሱ ሲተኛ «ምነው እትዬ፣ መተዉን ቢጽፉልኝ?» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ብጽፍልሽ በበቅሎም ቢሆን መጥተሽ ትወስጂው ነበር» አሉኝ። አልተቆጣሁም።

በሦስተኛው ቀን ልወስደው ተነሣሁ። የቢቸናው መኪና በር ላይ ቆሞ ያጉረመርማል። ሳቅፈው አልታገለኝም፤ ጋቢናው ውስጥ ላስገባው ስል ግን አካሉ ሁሉ ደረቀ፣ እንደ ፖፖው ጊዜ። ከዚያ ክንዴ ላይ ሙቅ ነገር ተሰማኝ። ያ ከግንቦት ጀምሮ አንዲት ቀን ሱሪውን ያላረጠበ ልጅ በሁለት እጁ ሱሪውን እያሳየኝ ጮኸ።

«እርጥብ ነኝ! ንኪኝ! እርጥብ ነኝ! አትውሰጂኝ!»

አልረሳም ነበር። በር ላይ ተንበርክኬ ያስተማርኩትን አንድም ሳያጎድል ይዞት ኖሯል። አወረድኩት። እየሮጠ እትዬ ማንጠግቦሽ ቀሚስ ውስጥ ገባ። እኔም ለገና እመጣለሁ ብዬ መኪናው ላይ ወጣሁ፤ ለገና ልጅ ወለድኩ፣ ለፋሲካ ሌላ ምክንያት ተገኘ፣ ዓመቱ ዓመት እየወለደ ሄደ።

ዳኛቸው ጎበዝ ሰው ወጥቶታል፤ ዛሬም እዚያው ሞጣ ነው። በየዓመት በዓሉ ይደውላል፣ ማርና ቅቤ ይልካል። «እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ይለኛል። እትዬ ማንጠግቦሽ ያረፉ ጊዜ «እናቴን!» እያለ ሲያለቅስ ክንዱን ይዤ ያጽናናሁት እኔ ነኝ። በሠልስቱ አንዱ ጎረቤት ያንን የሱሪውን ነገር አነሣና ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ። እሱም እንባውን እየጠረገ ሳቀና «እኔስ አላስታውሰውም። ምን ነክቶኝ ነበር ይሆን እትዬ?» አለኝ። «ልጅ አይደለህ?» አልኩትና አብሬ ሳቅኩ። ያን ሳቅ እንዴት እንደሳቅኩት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

ይህን ሁሉ ለሄለን አልነገርኳትም። ሻዩን ጠርጋልኝ፣ ለአቢቲ የገባችለትን ቃል ለባሏ በስልክ ነግራው ወደ ጓዳ ስትገባ፣ አቢቲን ጠርቼ ዳይፐሩን አወለቅኩለት። ወገቤ እንደምንም እሺ አለኝና ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ እግሬን ዘረጋሁ፤ እሱም ምን ሊሆን ነው ብሎ መጥቶ እግሬ ላይ ተቀመጠ። ሲሞቀው ሳቀ፣ ከዚያ ካልሲዬ ላይ ሸና። ያኔ ነው ስልኬን ያነሣሁት፤ ሐዋሳ ለአባቱ ደወልኩ።

«ልጄ፣ ለቅዳሜ ና።»

«ምነው እማማ? አቢቲ አሞታል እንዴ?»

«ደህና ነው።»

«አይ፣ ሄለን ዳይፐሩን ሲተው እንድመጣ ቃል ገብታለታለች፤ አሁን ብመጣ አይበላሽባትም?»

የልጁ እግር እግሬ ላይ ይሞቃል፤ ካልሲዬ ርሷል።

«እርጥብም ቢሆን ና» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ።