በልቼው የመጣሁት ናሙና

ይህች ታሪክ ወረቀት ማበላሸት ይገባት እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ጀግና የለባትም። ግን ትናንት የካ ገበያ አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ የበግ ላት በመዳፉ ሲመዝን አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። እንግዲህ ልጻፋት።

ዘመኑ በየታክሲው የኮንዶሚኒየም ዕጣ የሚወራበት ነበር። እኔ ኮተቤ የመጀመሪያ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነበርሁ፤ ፊት ወንበር ላይ የምቀመጥ፣ መምህሩ ያስነጠሱትን ሳይቀር የምጽፍ ዓይነት። መምህር ደረጀ ለሁለተኛ ዲግሪያቸው የበግ ላት ያጠኑ ነበር።

«የበጉ ሕዋሳት ሁሉ አንድ ዓይነት ዘረመሎች አሏቸው» አሉን አንድ ቀን። «ታዲያ ስቡ ለምን ላቱ ላይ ይከመራል?»

እሳቸው የሚከታተሉት አንዱን ዘረመል ነበር። ገና ምን እንደሚሆን ባልለየለት ሕዋስ ውስጥ ይህ ዘረመል በርትቶ ሲሠራ ሕዋሱ ስብ ቋጣሪ ወደ መሆን ያዘነብላል፤ ሲደክም እንዳለ ይቀራል። ምን ያህል ሲሠራ እንደነበር የሚታወቀው ዘረመሉ በሚያወጣው መልእክት ነው፤ መልእክቱ ደግሞ በጉ ከታረደ በኋላ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ላቱ ትኩስ እንዳለ ተቆርጦ በረዶ ውስጥ መግባት አለበት። ጥሩ ናሙና ያመጣ ተማሪ ክረምቱን ከእሳቸው ጋር ቤተ ሙከራ ይሠራል ተባለ። እጄን ያወጣሁት ንግግራቸው ሳያልቅ ነው።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት የበረዶ ሣጥኔን አንጠልጥዬ እንጦጦ ጥግ ወደሚኖሩት አክስቴ፣ እትዬ አስካለ ዘንድ ወጣሁ። ሌሊት ዘንቦ ባሕር ዛፉ ይሸታል፤ ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀረው ይታገላል። ስደርስ በጉ እየተገፈፈ ነበር። ስለ ዘረመል ማስረዳት ጉራ መሰለኝና አፍሬ፣ «እትዬ፣ ከላቱ ትንሽ ይቁረጡልኝ» ብቻ አልሁ።

«ወይኔ ልጄን! አምሯት ነው!»

የናሙና ቱቦዬን ከሣጥኑ አውጥቼ ስመለስ መጥበሻው ይንጫጫል።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ለትምህርት...»

«ትምህርትሽ ይቆይ! ሃምሳ አምስት ቀን ጾመሽ! ክፈቺ አፍሽን።»

የአክስት ጉርሻ አይመለስም። እውነቱን ልናገርና፣ ጠርዙ ደረቅ ብሎ ከአዋዜ ጋር በጣም ይጣፍጥ ነበር። በሦስት ጉርሻ ናሙናው አለቀ። ከገበታው ሳይለቁኝ ሰዓታት አለፉ፤ ከሰዓት በኋላ የተረፈውን ላት ጠቅልለው አስያዙኝ።

ቁልቁል ስወርድ ሁለት ጊዜ ቆሜ ቱቦዬን ከፈትሁ። ከያዝሁት ቆርጬ ብከት ማን ያውቃል? ግን መልእክቱ ጠፍቷል፤ መምህሩ በባዶ ሊደክሙ ነው። ለክረምቴ እያለቀስሁ ቱቦውን ዘጋሁት። ማክሰኞ ባዶውን ቱቦ ይዤ ቢሯቸው ገባሁ።

«ናሙናው?»

«በላሁት፣ መምህር።»

«ምን አልሽ?»

«ተጠብሶ ነበር።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «በአዋዜ?»

«አዎ።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ረጋ ብለው «የቆየ ቁራጭ ብታመጪልኝ ኖሮ ሳላውቅ ወራት ይባክኑብኝ ነበር» አሉና ሣጥኔን በአዲስ በረዶ ሞሉት።

በዚህኛው ጊዜ ለእትዬ አስካለ ሁሉንም አስረዳኋቸው። ሆዳቸውን እየዳሰሱ «እና ይኼ ነገር እዚህም እየሠራ ነው በይኛ!» አሉ። ጎረቤታቸው በግ ሲያርድ እሳቸው ከቢላዋው አጠገብ ቆመው፣ «ማንም እንዳይነካ! የቤተ ሙከራ ነው!» እያሉ ሰውን ሁሉ አራቁ።

ክረምቱን ቤተ ሙከራ አሳለፍሁ፤ ዛሬ የማስተምረውም ያንኑ ነው። አሁን ሳስበው ጥፋቱ የመጥበሻው አልነበረም። ጉራ እንዳይመስልብኝ ስጠነቀቅ የምፈልገውን በግልጽ አልተናገርሁም፤ ስናገር ግን አክስቴ ከእኔ የበለጠ ተጨነቁለት። ናሙናው በረዶ ውስጥ የገባው በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው።