ቀጋዬ ሲያፈራ

በሠፈራችን ቀጋ ተክላ የምታሳድግ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የምለው በኩራት ነው። ቀጋ በገደል አፋፍና በእርሻ ዳር ራሱን ችሎ የሚበቅል እሾሃም ቁጥቋጦ ስለሆነ፣ ሰው ወይ ፍሬውን ለቅሞ ይበላል፣ ወይ ቆርጦ አጥር ያጥርበታል እንጂ ውኃ አያጠጣውም። እኔ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ አጠጥቼዋለሁ፣ ገርዤዋለሁ፣ አንዳንዴም ሰድቤዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከአባቴ ጋር ሆድና ጀርባ በሆንንበት ዓመት ነው። አባቴ አማኑኤል ከተማ አካባቢ ገበሬ ናቸው። እሳቸው መርጠው የዳሩኝን ባል ትቼ፣ በመምህርነት ደመወዜ ደብረ ማርቆስ ዳር ሁለት ክፍል ቤት ሠራሁ። በእኛ ዘንድ አዲስ ቤት አባት ሳይመርቀው ቤት አይባልም። ልጠራቸው ስሄድ ከተዳፋቱ መሬት ላይ ቀጋውን ሲነቅሉ ደረስኩባቸው፤ ባሕር ዛፍ ሊተክሉበት ነው።

“ባል የሌለበት ቤት ገብቼ ምን ብዬ ልመርቅ?” አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

እንዲያው ባዶ እጄን ላለመመለስ ብዬ፣ “እሺ፣ እንግዲያውስ ከሚጥሉት ቀጋ አንድ ሥር ይስጡኝ፤ ደጄ ላይ እተክለዋለሁ” አልኩ። አብረዋቸው የሚቆፍሩት ሰዎች ሳቁ። አባቴም ሳቁ።

“ቀጋ የዱር ነው ልጄ፤ የሰው ግቢ አይለምድም። እንዳንቺው እልኸኛ ነው። ይኸ ቀጋ ደጅሽ ላይ ሁኖ ካፈራ፣ ያን ጊዜ መጥቼ ቤትሽን እመርቃለሁ።”

መቼም አልመጣም ማለታቸው ነበር። ግን በሰው ፊት ተናገሩት። አባቴ ደግሞ “የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ” የሚሉ ሰው ናቸው። የተወለድኩት እኔ ስለሆንኩ ይህን አባባል ወድጄው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ያዝኩት።

ሥሩን በረጠበ የማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት እሾሁ ወጋቸውና “ምንሽ ነው ይኸ?” አሉኝ። “ዘመዴ ነው” አልኳቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ። አንድ ስንዝር አስቀርቼ ቆረጥኩት፤ በክረምቱ አቆጠቆጠ። ከዚያ በኋላ ጠባዩን እየተማርኩ ሄድኩ። ሥሩ ውኃ ሲቋጥርበት ይከፋዋል። ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ሲወርረው ቅጠሉን በሳሙና ውኃ አጥባለሁ፤ ውርጭ ሲመጣ ግንዱን ጭድ አለብሳለሁ። አንዱን ረጅም ቅርንጫፍ ወደ ግድግዳው በኩል ጎንበስ አድርጌ አፈር መለስኩበትና ድንጋይ ጫንኩበት፤ እዚያው ሥር ቢያወጣ ብዬ። ጎረቤቶቼ መምህርት ድንጋይ ጭና እሾህ ታሳድጋለች እያሉ ተሳለቁብኝ።

በአምስተኛው ዓመት መስከረም ላይ አበበ። ነጭ አበባ፣ መሐሉ ቢጫ። ጠዋት ጠዋት ንቡ ሲተምበት ሥራ እስኪረፍድብኝ ቆሜ አያለሁ። ጥቅምት ላይ አረንጓዴ ፍሬ ያዘ። እስኪቀላ ሁለት ወር ቢቀረው ነው፤ እኔ ግን አባቴ የሚቀመጡበትን ወንበር ሳይቀር አሰናድቼ ነበር።

ኅዳር ላይ አዝመራው ሲሰበሰብ ከብት ስለሚለቀቅ፣ የሠፈራችን ወንዶች በደቦ አጥር ይጠግናሉ። አንድ ቅዳሜ ፈተና ሳርም ውዬ ስመለስ የእኔም አጥር ታጥሯል። ብቻዋን ናት ብለው፣ ሳልጠይቃቸው። ግጥም ያለ፣ ዶሮ የማያሾልክ አጥር። ልመርቃቸው አፌን ስከፍት አረንጓዴ ፍሬ ከአጥሩ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ አየሁ። ዞሬ ደጄን ባይ ቀጋዬ የለም፤ ጉቶው ብቻ ቀርቷል።

ዐይኔ ደም ለበሰ። ያልተናገርኩት ነገር የለም። ደቦውን የመሩት አዛውንት ጎረቤቴ ገጀራቸውን እንደያዙ ግራ ገባቸው።

“መምህርት፣ ቀጋ እኮ ነው!”

“ቀጋ መሆኑንማ አውቃለሁ! እኔው አይደለሁ የተከልኩት!”

“ቀጋ ይተከላል ብሎ ማን ያስባል?” አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በዚህ አገር ገጀራ የያዘ ሰው ቀጋ ሲያይ ሌላ አያስብም። ያኔ አለቀስኩ። አባቴ ያሉትንም፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን፣ ለሁሉም ነገርኳቸው። አንድም ሰው አልሳቀም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዛውንቱ ሰዎቹን አስከትለው፣ ፍግ ተሸክመው መጡ። ጉቶውን ኮተኮቱት፤ ዙሪያውን ደግሞ በእሾህ አጠሩት። እሾህ ሆኖ ሳለ በእሾህ የታጠረ ከእኔ ቀጋ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እኔም ሮጬ ግድግዳው ሥር ያለውን ድንጋይ አነሳሁ። የቀበርኩት ቅርንጫፍ ሥር አውጥቷል፤ ገጀራው አላገኘውም።

በክረምቱ ጉቶው የተቆጣ ይመስል ተመነጠቀ። ሦስት ዓመት ፈጀ እንጂ፣ ባለፈው ታኅሣሥ ፍሬው ቀላ። እኔው ይዤ ልሄድ ስነሣ አዛውንቱ ከለከሉኝ። “አንቺ ከሄድሽ ልመና ይሆናል። ፍሬው ይሂድ።” አንድ እፍኝ ለቅመው አማኑኤል ገበያ ሲሄዱ አባቴ ዘንድ ጎራ አሉ። “የልጅዎ ቀጋ ነው” ብለው ሰጧቸው። አባቴ ፍሬውን አገላብጠው አይተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ አሉኝ። ሆድ ባሰኝ።

በአራተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አባቴ ዱላቸውን ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። ጉልበት ስሜ ተነሣሁ። ወደ ቤቱ አላዩም፤ በቀጥታ ወደ ቀጋው ሄዱ። ግንዱን ነካ ነካ አደረጉ፣ የገረዝኩበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱ። አንድ ፍሬ ቀጥፈው የሚያሳክከውን ውስጡን በጥፍራቸው አወጡና በሉ።

“የእኛው ነው” አሉ።

“የእኛው ነው፣ አባባ።”

ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ሁለቱንም ክፍል ዞረው አዩ፤ መሐል ቆመው እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ባል የሚል ቃል አላነሡም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ። “እዚያ ባሕር ዛፉ ጨርሶታል፤ ለምልክት የቀረ ቀጋ የለም” አሉ፣ ግድግዳው ሥር ከቀበርኩት ቅርንጫፍ የበቀለውን ልጁን ቀጋ እያዩ። ከነአፈሩ ቆፍሬ በማዳበሪያ ጠቀለልኩላቸው። ተቀብለው እንደ ሕፃን አቀፉት።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ ሰው ናቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ “እንዴት አድርጌ ነው የምተክለው?” ብለው ጠየቁኝ።