ሁለት ቀዳዳ ያለበት ዲስኬት

ባለፈው ሳምንት ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የምትማረው የእኅቴ የልጅ ልጅ ላፕቶፗን ይዛ ቤቴ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ስትከፍተው፣ ከጎኑ በሚወጣው ሞቃት አየር ውስጥ የጋለ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ አሸተትሁ። ሥዕል የሚሥል ፕሮግራም መጻፍ እየጀመረች እንደሆነና ለዚህ የሚያስፈልገውን፣ ላይብረሪ የሚባለውን የተዘጋጁ ትእዛዞች ስብስብ መጫን እንዳለባት ነገረችኝ፤ አንድ መስመር ጻፈች፣ መነጽሬን ጠርጌ ሳልጨርስም ተጫነ። እሷ ወደ ሥራዋ አለፈች፤ እኔን ግን ያ ሽታ ወደ ደርግ የመጨረሻ ዓመታት ጎተተኝ። ከዚህ በታች የምጽፈውን አንባቢ በጥንቃቄ እንዲቀበለው እለምናለሁ፤ በጊዜው ማስታወሻ አልያዝሁም፣ ትውስታዬም እንደ ድሮው የሚታመን አይደለም።

ያን ጊዜ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ማሠልጠኛ የሒሳብ መምህር ነበርሁ። ለማሠልጠኛው አንዲት ኮምፒውተር ደርሳው ነበር። የተቀመጠችበት ክፍል መጋረጃው ቀን ከሌት የተዘጋ፣ ወለሉ የተወለወለ፣ ጫማ ሳይወልቅ የማይገባበት ነበር፤ ምክንያቱ አቧራ ቢሆንም፣ ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ነገሩን ለማሽኗ የሚሰጥ ክብር አድርገው ስለወሰዱት ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ቁልፉን የሚይዙት የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ሰይድ ነበሩ። የወረታ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ እንደመሆናቸው የጨርቅ ሜትር ከኪሳቸው አይለይም፤ አንዲት እርሳስ እንኳ ያለ ገቢ ደረሰኝ ተቀብለው አያውቁም።

ከኮምፒውተሯ ጋር ሁለት ጥቋቁርና ልስልስ ዲስኬቶች መጥተው ነበር። በአንደኛው ፓስካል የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በሁለተኛው ደግሞ የግራፊክስ ላይብረሪው፣ ማለትም ማሽኗ መስመርና ክብ እንድትሥል የሚያደርጉት የተዘጋጁ ትእዛዞች ይገኙ ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚላክ ኮሚቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጥቶ ማሽኗ ስትሥል እንደሚያይ ተነገረን፤ ላይብረሪውን ጭኖ የማሳየቱ ኃላፊነትም፣ የአንድ ወር ሥልጠና ብቻ በነበረኝ በእኔ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር። ዲስኬቱን አስገባለሁ፣ ማሽኗ እንደ ቡና ወፍጮ ታጉረመርማለች፣ ከዚያም ለእኛ ስክሪን የተዘጋጀውን ፋይል ማንበብ እንዳልቻለች ትጽፋለች። መመሪያውን ከሽፋን እስከ ሽፋን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ትእዛዙን በትልልቅ ፊደላት፣ ቀጥሎም በትንንሽ ፊደላት ሞከርሁት። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ መጋረጃውን ገልጬ ዲስኬቱን በመስኮቱ ብርሃን ሳየው ከጠርዙ ገባ ብሎ ሁለት ቀጫጭን ቀዳዳዎች አገኘሁበት። አብሮት የመጣው የገቢ ደረሰኝም እነዚያኑ ሁለት ቀዳዳዎች ይዟል። አቶ ሰይድ ደረሰኙ እንዳይጠፋ፣ ወረቀትን ሁሉ እንደሚያያይዙት፣ በስቴፕለር ከዲስኬቱ ጋር አያይዘውት ነበር።

ይህ ዛሬ የሚያስቅ ስሕተት ነው፤ በዚያ ዘመን ግን አያስቅም ነበር። በጎረቤት መሥሪያ ቤት አንድ መካኒክ ስለ ተቃጠለ ሞተር በአሻጥር ተጠርጥሮ ወራት ታስሯል። ዲስኬቱ መበላሸቱን ባመለክት የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አበላሸው?» እንደሚሆን፣ አምስት ልጆች የሚያሳድጉት አቶ ሰይድም መልሱ እንደሚሆኑ አውቅ ነበር። በተፈጥሮዬ ደፋር ሰው አይደለሁም። ቢሆንም ዲስኬቱን ወደ ወረቀት ሽፋኑ መልሼ፣ የላይብረሪውን የመሣያ ትእዛዞች ራሴ በፓስካል እጽፋቸዋለሁ ብዬ ቆረጥሁ።

ከማሽኗ ጋር የመጣው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ እያንዳንዷ የስክሪን ነጥብ በማሽኗ ውስጥ የት እንደምትቀመጥ የሚገልጹ ጥቂት ገጾች ነበሩ። የነጥቦቹ ረድፎች በተርታ የተቀመጡ አይደሉም፤ አንዱ ከዚህ፣ ቀጣዩ ከሩቅ ስፍራ ነው። ይህን ሳልረዳ የሣልኋት የመጀመሪያ መስመር አይጥ እንደበላው ገመድ ተበጣጥሳ ወጣች። ከቀትር በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ መጋረጃውን እያርገበገበ፣ ጀልባ የሚያራግፉት ሰዎች ጭቅጭቅ ከሩቅ እየተሰማኝ፣ በካልሲ ተቀምጬ በወረቀት ላይ አሰላለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ ደግሜ አሰላለሁ። በሳምንቱ መስመሯ ቀና። ክቡ ግን ወደ ላይ ተስቦ ወጣ።

አቶ ሰይድ ክፍሉን ለመዝጋት ሲመጡ ከጀርባዬ ቆመው ብዙ ተመለከቱ።

«መምህር፣ ምንድን ነው ይኸ?»

«ክብ ነው።»

«እኔ ዶሮ ያስረከበችኝ ነው የመሰለኝ» አሉና ሜትራቸውን አውጥተው ስክሪኑ ላይ ዘረጉት። ቁመቱ ከስፋቱ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሆነ። ችግሩን ያኔ ተረዳሁት፤ ነጥቦቹ ራሳቸው ቁመታቸው ከስፋታቸው ይበልጣል። ቁመቱን በዚያው ልክ ቀነስሁት። አቶ ሰይድ ደግመው ለኩና፣ እንደ ተረከቡት ዕቃ ሁሉ፣ «ትክክል ነው» አሉ።

የኮሚቴው አባላት ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ሊቀ መንበሩ የካልሲውን ቀዳዳ በሌላው እግሩ እየሸፈነ እንደ ሽመላ ቆመ። ማሽኗ መስመር ሣለች፣ ቀጥላም ክብ ሣለች። ሊቀ መንበሩ ላይብረሪው የተሟላ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሙሉ ነው ብዬ መለስሁ፤ በሪፖርቱም ላይ ፈረምሁ። በሕይወቴ አውቄ የፈረምሁበት ሐሰት ያ ብቻ ይመስለኛል።

የዲስኬቱን ነገር ለአቶ ሰይድ አልነገርኋቸውም። ቀዳዳዎቹን በመስኮቱ ብርሃን ሳይ ግን እሳቸው በሩ ላይ ቆመው እንደነበር አንዳንድ ጊዜ ይታየኛል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ይህን በኋላ የፈጠርሁት ይመስለኛል። መንግሥት ተለወጠ፣ እሳቸው ጡረታ ወጥተው ወረታ ገቡ፣ ማሽኗ የት እንደደረሰች አላውቅም። ነገሩን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው ካለ እሳቸው ብቻ ናቸውና፣ አምና ልጠይቃቸው ወረታ ሄድሁ።

ልጃቸው በር ላይ ተቀብላኝ፣ አባቷ ሰው መለየት እንዳቆሙ ነገረችኝ። በእርግጥም አላወቁኝም፤ ሆኖም እንደ እንግዳ አክብረው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «የንብረት ክፍል ኃላፊ የሆነ አንድ ሰው ነበር» ብዬ ስም ሳልጠራ ታሪኩን ከመጀመሪያው ተረክሁላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ስጨርስ ፊታቸው በሐሳብ ጨፍገግ ብሎ ነበር።

«ሰውዬው ታሰረ እንዴ?» አሉኝ።

«አልታሰረም፣ አቶ ሰይድ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ለዚያ ለማያውቁት ሰው ከልባቸው ደስ ብሏቸው።