አፀደና የማያዎች ጳጉሜ

ደብዳቤው ሐሙስ ዕለት ጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። ሰኞ ይላካል ተባለ። በሐሙስና በሰኞ መካከል ያለውን ጊዜ አፀደ እንዴት እንዳሳለፈችው ልንገራችሁ፤ በዚህ ከተማ ስለሷ የሚወራው ግማሹ ውሸት ነውና።

አፀደን የማታውቋት ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ ነው። እዚህ ጀርመን አገር፣ ቦከንሃይም ሰፈር ለአምልኮ በተከራየነው አዳራሽ በየእሑዱ ከኋላ በሦስተኛው ረድፍ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ትቀመጣለች። በሥራ ቀን ደግሞ ሙዚየም ውስጥ ጠባቂ ናት። ሰማያዊ ኮት ለብሳ፣ «አይነካም» ለማለት ብቻ አፏን እንድትከፍት የተቀጠረች። ስለ ዕቃዎቹ ማስረዳት ክልክል ነው፤ ለዚያ የተማሩ አስጎብኚዎች አሉ። ዲግሪ የላትም፤ ዓይን ግን አላት። በቀን ስምንት ሰዓት አንድ ድንጋይ ፊት የሚቀመጥ ሰው ከአስጎብኚው የበለጠ ያያል ብል ማን ነው የሚከራከረኝ?

በ2012 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ነው የምለው፣ ሙዚየሙ የጥንት ማያዎችን ዐውደ ርእይ ከፈተ። ማያዎች ዛሬ ሜክሲኮና ጓቲማላ በሚባለው አገር፣ ጫካ መካከል፣ ያለ ብረት መሣሪያና ያለ ጋማ ከብት የኖራ ድንጋይ ፈልጠው ተራራ የሚያህል ቤተ መቅደስ ያቆሙ ሕዝብ ናቸው። «የጠፋ ሕዝብ» ይሏቸዋል። የጠፉት ከተሞቹ ናቸው፤ ሰዎቹ በሚሊዮን ይቆጠራሉ፣ ቋንቋቸውንም ዛሬ ይናገራሉ።

አፀደ የደረሳት ክፍል ውስጥ ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ የሐውልት ግልባጭ ቆሟል፤ ከዋናው ድንጋይ ላይ በጄሶ የተቀዳ። ፊት ለፊቱ ንጉሥ ነው፣ በራሱ ላይ የላባ ጫካ የተሸከመ። ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ ጽሕፈት፤ እያንዳንዱ ፊደል እንደ ትንሽ ፊት ያፈጣል። ጎብኚው ግን ንጉሡንም አያይ፣ ላባውንም አያይ። አፀደን የሚጠይቋት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሽንት ቤቱ የት ነው፣ እና ዓለም በታኅሣሥ ይጠፋል የሚለው የቱ ጋ ተጽፏል? አንዳንዱ ደግሞ ይህን የሠሩት ከሌላ ፕላኔት የመጡ ናቸው ይላል። ምን ዓይነት ነገር ነው? ነጭ ያልሆነ ሰው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲያስቀምጥ ሠሪው የግድ ከሰማይ መውረድ አለበት?

አፀደ በእረፍት ሰዓቷ ከሙዚየሙ ሱቅ መጽሐፍ እየገለጠች ቁጥራቸውን ለመደች። ነጥብ አንድ ነው፣ ሰረዝ አምስት፣ ዛጎል ዜሮ። አንድ ቀን ታዲያ አስጎብኚዋ ለጎብኚዎች ስታስረዳ ሰማች። የማያ ዓመት ሃያ ሃያ ቀን ያላቸው ዐሥራ ስምንት ወራት አሉት፤ መጨረሻ ላይ ለብቻቸው የሚቀሩ አምስት ቀኖች አሉ።

«ጳጉሜ!» አለች አፀደ፣ ከወንበሯ ብድግ ብላ።

አስጎብኚዋ ገላመጠቻት። ተቀመጠች።

አባቷ መሪጌታ ነበሩ። አበቅቴና መጥቅዕ፣ ጾምና በዓል፣ ሁሉን በጣታቸው አንጓ የሚያወጡ። አፀደ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጴንጤ ስትሆን አኮረፏት፤ ሳይታረቁ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አንጓዋን ቆጥራ አታውቅም። ያን ቀን ግን ሰማያዊው ኮት ኪስ ውስጥ ጣቶቿ መቁጠር ጀመሩ። አባቷ ንዑስ ቀመር ይሉ ነበር፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፤ ዐቢይ ቀመር፣ አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት። ሲሞላ ምን ይሆናል ስትላቸው በልጅነቷ፣ «ምን ይሆናል? እንደገና ይቆጠራላ!» ብለው ስቀውባት ነበር።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ልጇ ዶርቃ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የአረጋውያን ነርስ ለመሆን አውስቢልዱንግ በሚሉት የሙያ ሥልጠና ላይ ናት፤ ግማሹ ትምህርት፣ ግማሹ ሥራ። ደብዳቤው «ሥልጠናዬን አቋርጫለሁ» የሚል የስንብት ደብዳቤ ነው። ለምን? ወንጌላዊ ኢሳያስ በቴሌቪዥን ስለ ማያዎች ያየውን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ። «አረማዊ ድንጋይ እንኳ ታኅሣሥ ሃያ አንድ ብሎ መሰከረ፤ እናንተ ሰርተፊኬት ታሳድዳላችሁ!» አለ። በዚያው ሥልጠና ላይ የነበረችው የዶርቃ ጓደኛ ፀሎት ያኔውኑ በኅዳር ደብዳቤዋን አስገባች። አዳራሹም ቆሞ አጨበጨበላት።

ኢሳያስን ክፉ ሰው አድርጌ ልሥለው አልችልም፤ ከከተማው ዳር ሽቫንሃይም ድረስ እየነዳ በሽተኛ የሚያመላልስ ሰው ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ማን ይሰማው ነበር?

ዓርብ አፀደ ለመነች። «ሰርተፊኬትሽን ያዢና ጌታን ጠብቂ፣ ማን ከለከለሽ?»

«ማማ፣ አንቺ እምነት የለሽም» አለች ዶርቃ በጀርመንኛ፣ በሯንም ዘጋች።

ቅዳሜ አፀደ የቤት ቁልፏን ሆን ብላ ረስታ ወጣች። ዶርቃ ከሚኖሩበት ከፕሮይንገስሃይም እስከ ሙዚየሙ ቁልፍ ይዛ መጣች፣ እየተነጫነጨች። እናቷ ክንዷን ይዛ ሐውልቱ ፊት አቆመቻት።

«ቁጠሪ። ነጥቡ አንድ፣ ሰረዙ አምስት።»

«ማማ፣ ሰው እያየን ነው! ፓይንሊሽ፣ ያሳፍራል!»

«ይየን። ዛጎሉ ዜሮ ነው። ቆጥረው ቆጥረው ሲሞላ ዜሮ ይጽፉና ይቀጥላሉ። ፓሌንኬ የምትባል ከተማቸው ውስጥ ገና ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት የሚቀረው ቀን ተጽፏል። ዓለም የፊታችን ዓርብ ሳምንት የሚጠፋ ከሆነ ያን ለማን ጻፉት?»

«ታዲያ ሁሉም ሰው እንዴት ይሳሳታል?»

እዚህ ላይ ነው አፀደ የደረት መታወቂያዋን ገልብጣ ያሳየቻት። «ስንት ዓመቴ ነው?»

«ስልሳ ሁለት። ኧርስተር ጃኑዋር፣ 1950።»

«የተወለድኩት ጳጉሜ ሦስት ነው። 1950 በኛ አቆጣጠር። እዚህ ስመጣ የመዘገበኝ ጸሐፊ ጳጉሜ የሚባል ወር የለም አለና ጃኑዋር አንድ አለኝ፤ ዓመቱን ግን እንዳለ ገለበጠው። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ዶርቃ! በሃምሳ አንድ ዓመቴ እዚህ የስልሳ ዓመት ኬክ ቆርሰውልኛል። የሰው አቆጣጠር በሌላ ሰው እጅ ሲገባ እንዲህ ነው የሚሆነው።»

ዶርቃ ዓይኗን ከመታወቂያው ላይ አላነሳችም። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጀመሪያ ፈራሁ፤ ወረቀት ነዋ። ኋላ ደግሞ ለመድኩት።»

የጠባቂዎቹ ኃላፊ መጣ፤ ማስረዳት ክልክል መሆኑን አስታወሳት። ለልጄ ነው ብትል አልሰማትም፣ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት። ዶርቃም ቁልፉን ሰጥታ ሄደች። አፀደ የቀረውን ቀን ሙሉ ስትነሳ ስትቀመጥ ዋለች። ማታ ቤት ስትገባ ደብዳቤው መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ቴምብር ተለጥፎበታል።

እሑድ በምስክርነት ሰዓት ዶርቃ ተነሳች። ልጅ ለምስክርነት ሲነሳ ደስ ይለናል፤ ምን እንደምትል ሳናውቅ «አሜን!» አልን። አፀደ ማሞቂያውን ጨበጠች። ስለ ደብዳቤው ልትመሰክር ነው ብላለች በልቧ።

«ወረቀቱ ላይ ኧርስተር ጃኑዋር የተወለደ ሁሉ እጁን ያውጣ» አለች ዶርቃ።

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ከዚያ አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ፣ ከዚያ የአዳራሹ ግማሽ።

«ወንጌላዊ፣ እርስዎስ?»

ኢሳያስ ማይኩን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ቀኙን አወጣ።

«አሁን እውነት ያን ቀን ያልተወለደ ያውርድ።»

እጆቹ ሁሉ ወረዱ። አንድ ብቻ ቀረ፣ የአስመራው ሽማግሌ የጋሽ ተኽለ።

«ጋሽ ተኽለ፣ እርስዎ እውነት ነው?»

«እኔ መቼ እንደተወለድኩ ማን ያውቃል፣ ጓለይ፣ ልጄ? ላውርደው እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዶርቃ አልሳቀችም፤ በተሰባበረ አማርኛዋ ቀጠለች። «የኛን ቀን አንድ ጸሐፊ አበላሸ። እኛ ደግሞ የማያዎችን። እናቴ ድንጋዩን ታነባለች፤ መጨረሻ የለውም።»

«ልጄ» አለ ኢሳያስ፣ «የጌታ መምጣት በጸሐፊ እጅ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ታዲያ በማያ ድንጋይ ለምን ሆነ?»

ኢሳያስ መዝሙር አስጀመረ።

ሰኞ ጧት ዶርቃ ለማለዳ ሥራዋ ወጣች። ደብዳቤው መደርደሪያው ላይ የለም። አፀደ የቆሻሻ ቅርጫቱን ገለበጠች፤ ምንም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጎብኚ አይታያት፣ ጄሶ አይታያት፣ ሁሉ ነገር ፖስታ መስሎ ታያት። ማታ ዶርቃ ስትገባ እናቷ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ላክሽው?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቴምብሩን ልጬ የፀሎት ማመልከቻ ፖስታ ላይ ልለጥፈው ነው። እንዲመልሷት።»

ታኅሣሥ ሃያ አንድ ዓርብ ነበር፤ መጣ፣ ሄደ። በሚቀጥለው እሑድ ኢሳያስ ስለ ትዕግሥት ሰበከ። «ተሳስቼ ነበር» የምትለውን ቃል ጠበቅኩ። እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።

አፀደና ፀሎት ጥር ውስጥ ሁለት ጊዜ አረጋውያን ቤቱ ሄዱ። ሁለተኛው ቀን ኃላፊዋ፣ በመጪው ጥቅምት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሪ አለቻት። ጀመረችም። እንደገና ከዜሮ፣ እንደ ማያዎቹ እያለ የሚያስጌጥልኝ ሰው እንዳይመጣ ግን አደራ። ሁለት ዓመት ተምራ ነበር፤ ሁለቱም ጠፉባት። አሁን አዳራሽ ስትመጣ ከማሞቂያው አጠገብ፣ ከአፀደ ጎን ትቀመጣለች፤ ኢሳያስም ሲያልፍ ሰላም ይላታል፣ ሰላም ብቻ።

በኅዳር ቆመን ካጨበጨብንላት መካከል እኔም ነበርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም አላጨበጨብኩም፤ ይቅርታ ግን እኔም ገና አልጠየቅኳትም።