ማግኔት ያልሆነው አምባር

ልብስ ሰፊዋ የተባለችውን ሁሉ ዝም ብላ አትውጥም። ነጋዴ "ቀለሙ አይለቅም" ብሎ ቢምልላት፣ የጨርቁን ጫፍ ውሃ ውስጥ ሳትነክር መቀስ አታነሳም። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየችም። ይህን ያስተማራት በቀይ ገበር የተበላሸ የደንበኛ ነጭ ቀሚስና ከዚያ በኋላ የጠገበችው ስድብ ነው።

ባሏ ሌላ ሰው ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ስልኩ ላይ ያየውን ሁሉ አማኝ። ደም ግፊት ስላለበት በየጠዋቱ ኪኒን ይውጥ ነበር። አንድ ቀን ግን የሚያብረቀርቅ አምባር አጥልቆ ገባ።

"ማግኔት ነው" አላት፣ ክንዱን እንደ ሙሽራ እያሳያት። "ግፊቱን ከደም ስር ስቦ ያወጣዋል። ኪኒን ከዛሬ ጀምሮ ቀረ!"

"ማነው እንዲህ ያለህ?"

"ስንት ሰው ድኖበታል!"

"ማን ማን?"

"አንቺ ደግሞ ዳኛ ነሽ? ስንት ሰው አልኩሽ እኮ!"

ኪኒኑ መደርደሪያው ላይ አቧራ ጠጣ። ሰውየው ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ግድግዳ መያዝ ጀመረ። "ዞረብኝ" አይልም፤ "ይሄ ጫማ" ይላል፣ ባዶ እግሩን ቆሞ። እሷ ግን ታያለች። ታላቅ ወንድሟ በዚሁ በሽታ ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኖ ነው የሞተው። በማንኪያ ታጎርሰው የነበረችው እሷ ናት።

ልብስ ሰፊዋ ማግኔት ታውቃለች። ከተሰበረ ስፒከር የወጣ አንድ አላት፤ እስፒል መሬት ላይ ሲበተንባት የምትለቅመው በእሱ ነው። አንድ ከሰዓት ባሏ ሱቋ በር ላይ ከጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ጋር ሲያወራ፣ የእስፒሉን ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው።

"አምባርህን እስቲ ወዲህ በለው።"

"ምን ሊሆን?"

"ማግኔት ነው አላልክም? ይልቀማ!"

አውልቆ ሰጣት። እስፒሉ ላይ ወዲያ ወዲህ አዞረችው። አንድም አልተነሳም። የራሷን ስታዞረው ግን እስፒሉ ተንጋግቶ ተለጠፈበት፤ ጃርት መሰለ።

"አየህ?" አለች። ደስ ብሏት ነበር።

ባሏ አምባሩን ትንሽ አገላብጦ አየውና "ታዲያ እንዴት ይሳብ?" አለ። "ኃይሉ ሰውነቴ ውስጥ ገብቶ አልቋል!"

ጫማ ሰፊው ደግሞ ዓይኑን ከእሷ ማግኔት ላይ መንቀል አቃተው። "እትዬ፣ ያንቺኛው ይጠነክራል። ለጉልበቴ ለሁለት ቀን አታውሺኝም?"

ማግኔቷን ከነእስፒሉ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው።

ለምና፣ ተቆጥታ፣ እንደገና ለምና ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ ለክታው ደነገጠች። "አባባ፣ መድኃኒቱን አቋርጠዋል?"

"ሲስተር፣ አምባሩ እየሳበው ስለሆነ ነው ወደ ላይ የወጣው። ገና ሊወጣ ነው" አላት፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማው።

ሲወርድ አምባሩ ሠራ፤ ሲወጣም አምባሩ ሠራ። እንዲህ ያለውን ሰው በምን ይይዙታል? ነርሷ ብዙ አስረዳችው፤ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት፣ በጄ ግን አላለም። ወደ ቤት ሲመለሱ አጥር ተደግፎ ሲያርፍ አየችውና፣ ሳታስበው ከአፏ ወጣ።

"አምባሩን የሸጠልህን ሰው አግኝቼው ነበር። ያለ ኪኒን አይሠራም አለኝ። ኪኒኑ ያላላዋል፣ አምባሩ ይስበዋል።"

"እንዲህ በይኛ! ይሄ ቀድሞ አይነገርም?" አለ። ቤት እንደገቡ ኪኒኑን ዋጠ።

እሷ ጓዳ ገብታ ቆመች። በዕድሜዋ ሁሉ ሰው እንዲህ ሲያታልል እየጠላች ኖራ፣ እውነቱን ስትናገር ያልሰማት ሰው ውሸቷን በአንድ ጊዜ ተቀበላት።

ግፊቱ ወረደ። ግድግዳ መያዙም ቀረ። ባሏ ግን ካፌ ውስጥም፣ ፀጉር ቤትም፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የአምባሩን ተአምር ሰበከ። የገዛ እህቱ፣ እሷም የግፊት ኪኒን የምትውጥ፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ እየበረረች መጣች።

"እትዬ፣ ኪኒን መሮኛል። ይሄን አምባር ንገሪኝ እስቲ፣ እውነት ነው?"

"እሷን ጠይቂያት!" አለ ባሏ ከበሩ ላይ። "ምንም የማታምነዋ እንኳን አምናለች። ምስክሬ እሷ ናት!"

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ ሁለቱንም አየቻቸው። እውነቱን ብትናገር ነገ ጠዋት የሱም ኪኒን መደርደሪያው ላይ ይቀራል፤ ይህን ታውቃለች።

"ያለ ኪኒን አይሠራም" አለች። "አንድ ቀን ከዘለልሽ አምባሩ ኃይሉን ያጣል።"

"እሺ፣ አልዘልም" አለች የባሏ እህት ወዲያው። "የሚጠለቀው በግራ ነው በቀኝ?"

"ኪኒኑን በምትውጪበት እጅ!" ብላ የስፌት መኪናዋን በንዴት ረገጠችው።

"አየሽ?" አለ ባሏ ለእህቱ። "አንድ የማታውቀው ነገር የለም!"