ቶላን ልንጠይቅ ዳገት የወጣን ቅዳሜ

ይህን ጉዞ ያደረግነው ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ታላቅ ወንድሜ ዳዊት እና ጎረቤታችን ጋሽ በላቸው። ከኮተቤ ተነስተን፣ በመገናኛ አድርገን፣ እንጦጦ ሥር ጉራራ ድረስ ወጥተን ተመለስን። ሩቅ አገር አይደለም፤ በታክሲ የሚደረስበት ነው። ግን ዳዊት በማግስቱ እሑድ አረፈ። ስለዚህ ለእኔ ከዚህ የረዘመ መንገድ የለም። መጻፍ አልለመድኩም፤ እየተንተባተብኩም ቢሆን ልሞክር።

ዓላማችን ተጫዋች መጠየቅ ነበር። የሰፈሮቻችን የቅርጫት ኳስ ውድድር አንደኛው ዙር አልቆ ሁለተኛው ሊጀመር ነው። በመሀል ቡድኖች ተጫዋች ይለዋወጣሉ። የአሜሪካኑን ውድድር ከዳዊት ጋር በስልክ እናየው ነበር። እዚያ ዝውውሩ በሚሊዮን ነው፤ ተጫዋቹ መሸጡን ከዜና የሚሰማበት ጊዜም አለ። የእኛ ሌላ ነው። አንድ ዓመት «በስልክ አባብላችሁ ወሰዳችሁብን» ተባብለው ሁለት ሰፈሮች ሊደባደቡ ደርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ተጫዋች የፈለገ ቡድን እንደ ጋብቻ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ ሽበት ሊኖረው ይገባል። ተቀመጡ እስኪባሉ ይቆማሉ። መልስ በስልክ አይነገርም፤ ሄዶ፣ ቆሞ ነው።

የኮተቤ አሰልጣኝ ዳዊት ነው። ነበር ማለት አለብኝ። ራሱም ጎበዝ ተጫዋች ነበር፤ ሐኪም «ልብህ ይህን ሩጫ አይችልም» ሲለው ወደ አሰልጣኝነት ዞረ። ወንበር ተሰጠው እንጂ አልተቀመጠበትም፤ ጨዋታ እስኪያልቅ ቆሞ ይጮሃል።

ከኮተቤ መገናኛ

በጠዋት ወጣን። እናቴ ከበር «እስከ ጉራራ በታክሲ፤ ዳገቱን ቀስ እያላችሁ!» አለች። ጋሽ በላቸው ጋቢ ለብሰው፣ ዝናብ በሌለበት ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ጠበቁን። እሳቸው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ የቡድናችን ሽበት እሳቸው ብቻ ናቸው።

የታክሲው ረዳት ጋቢውን ሲያይ ገባው።

«አባባ፣ ሽምግልና ነው? የማን ሰርግ ነው?»

«የዚህ ልጅ» አሉ ጋሽ በላቸው ወደ ዳዊት እያመለከቱ።

«ልጅቷ እንዴት ናት ታዲያ?»

«ቁመቷ ጣሪያ ይነካል።»

«ተረከዝ ሳታደርግ?»

«በባዶ እግሯ!»

ረዳቱ ዳዊትን ከላይ እስከ ታች አየውና «በርታ ወንድሜ፣ መሰላል ያዝ» አለው። ላምበረት ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ቀልዱን ለሚቀጥለው ታክሲ ሳይቀር በመስኮት አሳለፈው።

መገናኛ ወርደን ፉል በላን። ዋጋው ካለፈው ወር ጨምሯል፤ ዳቦው ደግሞ አንሷል። ጋሽ በላቸው አልበላም አሉ። «ሽማግሌ ጠግቦ አይሄድም። እዚያ የሚቀርበውን የት ሊያደርገው ነው?» ይህን እያሉ ከዳዊት ሳህን ግማሹን ጨረሱ።

ሾላ

ሾላ ላይ የወረድነው ዳዊት ልምምዳቸውን ማየት ስለፈለገ ነው። ሾላ አንደኛ ነው። ምክንያቱ ፍጹም የሚባለው ተጫዋቻቸው ነው፤ ግራኝ ነው፣ ከሦስት ነጥብ መስመር ዓይኑን ጨፍኖም የሚያገባ ይመስላል። የአንደኛው ዙር ኮከብ ማን ነው ብትሉኝ፣ ባልወደውም፣ እሱ ነው። ጉራራ ሁለተኛ ነው፤ ሜዳው ከፍታ ላይ ስለሆነ እንግዳ ቡድን ከእረፍት በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል። «ጉራራ ስድስት ሆኖ ነው የሚጫወተው፤ ስድስተኛው ተራራው ነው» ይል ነበር ዳዊት። እኛ አራተኛ ነን። ውርወራ አያንሰንም፤ አንዱ ወርዋሪ እኔ ነኝ። ከቅርጫቱ ሥር ግን የሚቆም ረጅም ሰው የለንም፤ ከቀለበቱ የተመለሰ ኳስ፣ ሪባውንድ የሚሉት፣ ሁሉ የተጋጣሚ ነው።

ፍጹም በአጥሩ በኩል አየን።

«ኮች ዳዊት! ለስለላ ነው ለትምህርት?»

«ሁለተኛው ዙር ላይ ስለማትስቅ፣ አሁን ስትስቅ ልይህ ብዬ ነው።»

«ሪባውንድ የሚይዝ ሰው ስታገኝ ንገረኝ!»

ዳዊት በእጁ ተሰናበተው። መንገድ ስንሻገር ግን እየሳቀ «እሱን የሚያቆም አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሱም ላይ ነው» አለኝ። ላይ ያለው ሰው ቶላ ነው፤ የጉራራው ረጅም።

ከፈረንሳይ ወደ ላይ

ታክሲ ቀያይረን ፈረንሳይ፣ ከዚያ ጉራራ ደረስን። ከዚያ በኋላ በእግር ነው። መንገዱ ጠባብ ኮብልስቶን ነው፤ መጨረሻው ላይ ወደ አፈር ይለወጣል። የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል፤ ብርዱም ይመጣል። ከእንጦጦ ሮጠው የሚመለሱ ወጣቶች በቱታ እያለፉን ይወርዳሉ።

ከአንድ ሮቶ አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ዳዊት እዚያ ተቀመጠ።

«ሳንባዬን መገናኛ ረስቼው መጣሁ» አለ።

«ስንመለስ እናነሳዋለን» አሉ ጋሽ በላቸው። «ማንም አይወስደው፣ ያረጀ ነው።»

ሳቅን። ድካሙ ለቀቀውና ወጣን።

ሜዳው ከሰፈሩ በላይ፣ ከዛፎቹ በታች ነው። አጥሩ አጭር ነው። የሳተ ኳስ አጥሩን ከዘለለ ቁልቁል ወርዶ እየነጠረ እስከ ቤቶቹ ይሄዳል። ሕጋቸው አንድ ነው፤ የወረወረ ያመጣል። እኛ ቆመን እያለ አንዱ ሁለት ጊዜ ወርዶ ተመለሰ፤ ሁለተኛው ላይ እየተሳደበ ነበር።

ልመናው

አሰልጣኛቸው ኮች ሰናይት ናቸው፤ የስፖርት መምህርት ናቸው። ለምን እንደመጣን እያወቁ ልምምዱን እስኪጨርሱ አቆሙን። ከዚያ ልጆቻቸውን ሰብስበው ፊት ለፊታችን ቆሙ።

«ምን እግር ጣላችሁ?»

ጋሽ በላቸው ጃንጥላቸውን ተደግፈው «ልጃችሁን ፈልገን» አሉ።

«ልጃችን ብዙ ነው። የትኛውን?»

«ረጅሙን።»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ቶላ ማልያውን ስቦ እንደ ሙሽራ ፊቱን ሸፈነ። ኮች ሰናይት አልሳቁም።

«ቡድናችሁ ምን ነውር አለበት?»

«አንዳች ነውር የለበትም» አሉ ጋሽ በላቸው። «አራተኛ ነው እንጂ።»

ያኔ እሳቸውም ሳቁና ተቀመጡ አሉን። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ መጣ፤ ሻይም መጣ። ጋሽ በላቸው ድንቹን ሲያዩ ወደ እኔ ዞረው፣ አላልኩህም በሚል ዓይን ጠቀሱኝ።

ወደ ቁም ነገሩ ተገባ። በቶላ ፋንታ ናቲን እንሰጣለን አለ ዳዊት። ናቲ ከጎበዞቻችን አንዱ ነው፤ ግን ሰውነቱ ከባድ ነው።

«ናቲ ቢመጣ ደስ ይለኛል» አሉ ኮች ሰናይት። «ግን ይህን ዳገት ጨርሶ እስኪመጣ ሁለተኛው ዙር ያልቃል። እኔ ወርዋሪ ነው የምፈልገው። ከሽማግሌዎቹ ትንሹን ስጡኝ።»

ትንሹ ሽማግሌ እኔ ነኝ። ድንቹ አፌ ውስጥ ነበር።

«በየት አገር ነው ሽማግሌ ሆኖ የሄደ የሚዳረው!» አሉ ጋሽ በላቸው።

ሁሉም ሳቀ። ዳዊት ብቻ አልሳቀም፤ እኔን አየኝ። ከዚያ ተነስቶ «ሰናይት፣ አሁን ለማኟ አንቺ ሆነሻል። ቀጠሮ ስጪን» አላት።

«ሰኞ ጠዋት፣ ልምምድ ላይ።»

ቁልቁለቱ

ስንወርድ ጋሽ በላቸው ቀደሙን። ዳዊት እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከተማው ከታች ተዘርግቶ ይታያል፤ ግማሹ ጭስ፣ ግማሹ ክሬን ነው።

«አልሄድም» አልኩት።

«ስትወረውር ምን እንደምታደርግ ታውቃለህ?» አለኝ። «ኳሱ እጅህ ላይ ሆኖ መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ዞር ትላለህ። እኔን ታያለህ። ከዚያ ትወረውራለህ። እስከዚያ ተከላካዩ ደርሷል።»

«አሰልጣኜ አይደለህ? ማንን ልይ?»

«ወንድምህም ነኝ። ችግሩ እሱ ነው። እዚህ ከሆንክ ዞር ብለህ የምታየው ሰው የለም፤ ቅርጫቱን ታያለህ።»

ተናደድኩ። እውነቱን ስለሆነ ነው መሰለኝ። «አንተስ ምን ትላታለህ ሰኞ?» አልኩት።

«ልጃችንን ሰጥተናል እላታለሁ። ግን አንተ እሺ ካላልክ አልልም። እስከ ሰኞ አስብበት።»

«ቶላን ስለፈለግክ ነው።»

«ቶላንማ እፈልጋለሁ!» አለና ሳቀ። «ሁለት ወንድም የሚያስደስት ዝውውር የት ይገኛል?»

ቤት ስንደርስ እራት ላይ ለእናታችን እንዴት እንደተለመንኩ እየተወነ ነገራት። የኮች ሰናይትን ድምፅ፣ የጋሽ በላቸውን ጃንጥላ፣ የእኔን አፍ ከነድንቹ አሳያት። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ደክሞኛል ብሎ ተኛ። እኔ መልሴን አልነገርኩትም፤ እሑድ ሙሉ ቀን አለን ብዬ።

እሑድ

ጠዋት እናቴ ልትቀሰቅሰው ገባች። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ከሰዓት በኋላ ቀበርነው። ድንኳኑን የተከሉት የየሰፈሩ ተጫዋቾች ናቸው። ቶላ ቆርቆሮ ላይ ሳይወጣ፣ ከመሬት ሆኖ ገመዱን አሰረ። የሾላው ፍጹም ጆግ ይዞ ለእንግዳ ሁሉ እጅ ሲያስታጥብ ዋለ፤ አንዴም ቀና አላለም። ስለ ዝውውሩ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

ሰኞ ጠዋት

ጫማዬን ሳስር እናቴ ከፍራሹ ላይ ሆና አየችኝ።

«ወዴት ነው?»

«ዳዊት ቀጠሮ ነበረው። ጉራራ።»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። ከዚያ «እሱ ቀጠሮ አርፍዶ አያውቅም። ሂድ። ለቅሶ ደራሽ ሳይበዛ ተመለስ» አለችኝ።

ጋሽ በላቸው በር ላይ ነበሩ፤ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው። ሳልጠራቸው ነው የመጡት። «ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም» አሉኝ። በመንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። መገናኛ ላይ ግን የፉል ቤቱን ሲያዩ «የሱን ሳህን ነበር የበላሁበት» አሉና ፈገግ አሉ፤ እኔም ፈገግ አልኩ።

ሜዳው ላይ ኳስ መምታቱ ቆመ። ሁለት ሆነን ቆምን። ሳንነጋገር በመሀላችን የአንድ ሰው ቦታ ትተናል። ኮች ሰናይት ሊያቅፉኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ ቆመን መቅረታችንን አይተው ተገቱ። ደንቡን አከበሩልን።

«ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ።

መናገር የነበረባቸው ጋሽ በላቸው ናቸው። ጃንጥላቸውን ከጎናችን ያለው ወንበር ላይ አጋድመው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እኔ ተናገርኩ።

«ልጃችንን ሰጥተናል።»

«እኛም ሰጥተናል» አሉ ኮች ሰናይት። ቶላ ከመስመሩ ወጣና መጥቶ ከጋሽ በላቸው ጎን ቆመ። እሳቸው ደረቱ ጋ እንኳ አይደርሱም።

ወዲያው መመለስ እችል ነበር። ግን አንዱ ኳሱን ወረወረልኝ። ያዝኩት፤ በልማድ ዞር አልኩ። ቅዳሜ ዳዊት በተቀመጠበት ወንበር ላይ ጃንጥላው ብቻ ነበር። ዞሬ ቅርጫቱን አየሁና ወረወርኩ።

ኳሱ ቀለበቱን መታ፤ ወደ ላይ ነጠረ፤ አጥሩን ዘለለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለሐዘንተኛ ምን እንደሚባል አላወቁም። መጀመሪያ የተናገሩት ኮች ሰናይት ናቸው።

«የወረወረ ያመጣል!»

ሮጥኩ። ድንጋዩን አልፌ፣ ሮቶውን አልፌ፣ አፈሩን ጨርሼ ኮብልስቶኑ ድረስ ሮጥኩ። እየሳቅኩ ነበር፤ እያለቀስኩም ነበር። ታች አንዲት ሴትዮ ከበራቸው ላይ ኳሱን በእግራቸው አቁመውት ጠበቁኝ።

«አንተን አላውቅህም። አዲስ ነህ?»

«አዎ እማማ፣ አዲስ ነኝ።»

«በል እንካ። ዳገቱን ትለምደዋለህ።»

ጉዞው ምን አስተማረህ ቢሉኝ ይህን እላለሁ፤ ኳስ ከሰጡህ ወርውር፣ ካልገባ ወርደህ ታመጣዋለህ። ኳሱን በብብቴ ይዤ ዳገቱን ጀመርኩ። ድንጋዩ ጋ ስደርስ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። አልተቀመጥኩም፤ በእጄ ነካ አድርጌው ወጣሁ።