በአዳዳ ብርቄ ደጅ ያለፈው ቦቴ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውኃ በጠፋ በሦስተኛ በአራተኛው ቀን፣ ከታች ከመንገዱ የውኃ ቦቴ ጥሩምባ ረዘም ተደርጎ ሲነፋ፣ ጎረቤቶቼ ጄሪካናቸውን አንጠልጥለው እየተሯሯጡ ደረጃውን ይወርዳሉ፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማደርገው መስኮቱን መዝጋት ነው። አባዬም ልክ እንደዚህ ረዘም አድርጎ ይነፋ ነበር።

በደርግ ጊዜ ወሰን ሰፈር ስንኖር አባዬ የመንግሥት ውኃ ቦቴ ሾፌር ነበር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ግድብ እየቀዳ ለአዳዲስ ግንባታዎችና ለአደባባይ አበቦች ያመላልስ ነበር። ታላቅ እህቱ፣ እኛ አዳዳ ብርቄ የምንላት፣ እዚያው ግድቡ አጠገብ፣ ቦቴው በየቀኑ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ትኖር ነበር። ወደ ከተማው የሚሄደው ትልቁ ቧንቧ የተቀበረው በእርሻዋ መሃል ሆኖ ሳለ፣ እሷና ልጆቿ የሚጠጡት ከከብቶቻቸው ጋር ከአንድ ኩሬ ነበር፤ ወደ ግድቡ ጠጋ ካሉ ዘበኛው በዱላ ያባርራቸዋል። እኛ ቤት ደግሞ እማዬ አቧራው እንዳይነሳ እያለች ጠዋት ጠዋት ግቢውን በባልዲ ውኃ ታረሰርሰው ነበር።

በጋው ሊያልቅ ሲል ኩሬው እየጎደለ አልቅቱ ይበዛ ነበር። አንድ ዓመት ግንቦት ላይ አዳዳ ብርቄ የእኔን እኩያ ልጇን ጫልቱን ይዛ መጣች፤ አልቅት ጉሮሮዋ ውስጥ ተጣብቆ ደም ትተፋለች፣ ድምጿም ሻክሮ አይሰማም። እማዬ ክፉ ሰው አልነበረችም፣ ግን ለጫልቱ ጆሮው የተሰበረ ኩባያ ለይታ ሰጠቻት፣ እኔም አብሬያት አልተኛም ብዬ አለቀስኩ። አዳዳ ልጇን ውኃ ከልክላ አሳድራ፣ በማግስቱ በጎድጓዳ ሳህን የቧንቧ ውኃ ቀድታ፣ አፏን አስከፍታ ሳህኑ ላይ አስጎነበሰቻት። ብዙ ቆይቶ አንድ ጥቁር ወፍራም ነገር ከጉሮሮዋ ብቅ ብሎ ወደ ውኃው ሲንጠራራ፣ አዳዳ በጨርቅ አፈፍ አድርጋ መነጨቀችው። እኔ ወደ ውጭ ሮጬ አስመለሰኝ። አልቅቱን ያወጣው ውኃ ከእነሱው መሬት የመጣ መሆኑን ያኔ አላሰብኩትም።

አዳዳ ስትሄድ አባዬን የለመነችው አንድ ነገር ነበር።

«ስታልፍ ለዚህች ልጅ አንድ እንስራ ብቻ ብታወርድልኝ ምን ይጎድልብሃል?»

«እሺ እትዬ፣ አይገድም» አላት።

ክረምቱ መጥቶ ኩሬውን ሞላው፣ ነገሩም በቤታችን ተረሳ። በሚቀጥለው ጥር ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባዬ ጋቢና አስቀምጦ ይዞኝ ሄደ፣ እኔም ለጫልቱ ከረሜላ ይዤ ነበር። ቦቴው ሞልቶ ስንመለስ፣ አዳዳ ቤት ስንቃረብ ጥሩምባውን ረዘም አድርጎ ነፋ። አዳዳ እንስራዋን ታቅፋ፣ ጫልቱ ጣሳ ይዛ ከኋላዋ እየሮጡ ወጡ። ሊያቆም ነው ብዬ የበሩን እጀታ ያዝኩ። አባዬ በመስኮት እጁን አውጥቶ እያውለበለበ ማርሽ ቀየረ። ለካ ጥሩምባው ሰላምታ ነበር።

አቁም እንጂ ብዬ ስጮህ ዞር ብሎም አላየኝ።

«የመንግሥት ውኃ ነው። ጠብ ብትል የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ ዝም በይ።»

የበሩን እጀታ ለቀቅኩ። ከተማ ስንገባ ግን አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ግቢ በር ላይ ማንም ሳይጠይቀው ቆመ፣ ዘሎ ወርዶ የውኃ ጎማውን ዘረጋ፣ በርሜሎቹን እስከ አፋቸው ሞላ። ሠራተኛው በዚያ ውኃ ውሻ ያጥብ ነበር፣ የተረፈው ወደ ቦይ ይወርዳል፣ አባዬ ደግሞ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ቪላው መስኮት እጅ ይነሳል። ማታ ቤት ገብተን እራት ስንበላ ለእማዬ «እትዬን አየናት፣ ደህና ናት» አላት። ያን ቀን አባቴን ተጸየፍኩት። እንጀራው እንዳይቋረጥ መፍራቱ አሁን ይገባኛል፣ ግን ያ መጸየፍ ዛሬም አለቀቀኝም፤ ከረሜላውን ራሴ ጨርሼ፣ ከእነሱው መሬት በመጣ የቧንቧ ውኃ እግሬን ታጥቤ የተኛሁትን እኔንም ይጨምራል።

ጫልቱ አሁን የልጆች እናት ናት፣ እዚያው መንገድ ዳር ትኖራለች፣ ቤቷ ዛሬም ቧንቧ አልገባም። ወደ እኛ የሚመጣው ቦቴ የሚቀዳው እነሱ መንደር ከተቆፈረው ጉድጓድ ነው። ባለፈው ሳምንት ውኃ በጠፋ ጊዜ ደወለችልኝ።

«ቦቴው አሁን በደጃችን አለፈ» አለችኝ፣ በዚያው በሻከረ ድምጿ፣ «ቶሎ ውረጂ፣ እንዳያልቅብሽ።»

ጄሪካኔን አንስቼ ወረድኩ። ቦቴው ቆሞልን ነበር።